ያልተጠየቀ ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ደጃችን ካለው ሣር ላይ አንድ ሰሌዳ ተተክሎ አገኘሁ። ሰማያዊ ነው፤ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ እግሮች ቆሟል። በትልልቅ ፊደል የራሄል ስም፣ ከሥሩ ደግሞ «ለከተማ ምክር ቤት» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ጥጉ ላይ ፎቶዋ ፈገግ ብሏል። መኪናዬን ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ቁጭ ብዬ አየኋት። ዕድሜ የሚጫነው እኔን ብቻ ነው እንዴ? ከዓይኗ ዳር ካሉት ጥቂት መስመሮች በቀር ያችው የድሮዋ ራሄል ናት።

ማን እንደተከለው መጠየቅ አያስፈልግም፤ ባሌ ዳዊት ነው። ሣሩን የማጠጣው እኔ፣ ቅጠሉን የምጠርገው እኔ፣ ሰሌዳ ሲተከል ግን የሚጠይቀኝ የለም። ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ፀጉሬ ላይ ሽበት ጣል ጣል ማለት ጀምሮ፣ በዚያ በጥቅምት ብርድ ሆዴ ልክ እንደ ድሮው ቅጥል አለ። አንዳንድ ሰዎች «በወጣትነቴ ቀናተኛ ነበርኩ» ሲሉ እሰማለሁ። አላምናቸውም። ቅናት ይተኛል እንጂ ቤት ለቆ አይሄድም። የእኔው እዚያው መኪና ውስጥ ነቃ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑም የሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አሜሪካ፣ ከዴንቨር ጎን ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ አጎቴ ጋሽ መኮንን ቤት አንድ ክፍል ይዤ እኖር ነበር። ሥራዬ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የነርስ ረዳትነት ነበር፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ዜግነቴን ያገኘሁት በዚያው ዓመት ስለነበር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል፤ ለማን እንደምመርጥና ምን እንደምመርጥ ግን አላውቅም ነበር።

ዳዊት የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። ነሐሴ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ልኮ ጋሽ መኮንን እሺ ብለዋል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እኔ ጓዳ ሆኜ ለስላሳ በብርጭቆ እቀዳ ነበር። ሳሎን ውስጥ ስለ እኔ ብዙ ተባለ፤ ጨዋ ናት፣ ሠራተኛ ናት፣ ዘር ማንዘሯ ይታወቃል። ወደ ጓዳ ብቅ ብሎ «አንቺስ?» ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። በወጉ መሠረት ስለሆነ እኔም ቅር አላለኝም። ዳዊትን እወደው ነበርና ጥያቄው እንደጎደለ እንኳ አላስተዋልኩም።

ራሄል የመጣችው በመስከረም ነው። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ሕግ ያጠናች፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ልጅ ናት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ሰው ሰብስባ በእኛ ዋርድ ለከተማው ምክር ቤት እንደምትወዳደር ነገረችን።

«አማርኛዬ ሶሪ፣ ላይክ፣ ጥሩ አይደለም» አለች፣ «ግን ልቤ የእናንተ ነው።»

እናቶች «ውይ የኔ ቆንጆ! ታድላ!» አሏት። እኔ እንግሊዝኛ ስሰባብር የሥራ ባልደረቦቼ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ፤ እሷ አማርኛ ስትሰባብር ትሳማለች። በዚያች ቅጽበት ጠላኋት ብል ማጋነን አይሆንም። «ሹፌር ያስፈልገኛል፤ በር ለበር የሚዞር ሰውም» ስትል ከአጠገቤ አንድ እጅ ተነሣ። የዳዊት እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ የእኔ መሆኑ ቀረ። የሠርግ አዳራሽ ለማየት የተቀጣጠርንበትን ቀን ረሳው። ማታ ሲመጣ ልብሱ በመንገድ ዳር በርሜል ውስጥ እየተሽከረከረ የሚጠበስ ቃሪያ ይሸታል፤ በዚያ ወቅት ከተማው በሙሉ በዚህ ሽታ ይታጠናል። አንዳንዴ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት የሰጠችውን የዱባ ኬክ በፎይል ጠቅልሎ ያመጣልኛል። ኬኩ ይጣፍጣል፤ መጣፈጡም እያናደደኝ እበላለሁ።

«ዛሬ ስንት በር ኖክ አደረግን መሰለሽ!» ይለኛል።

«ከማን ጋር?»

«ከራሄል ጋር ነዋ።»

«ብቻዋን ማንኳኳት አትችልም? እጅ የላትም?»

«ሂሩቴ፣ ሥራ እኮ ነው!»

የዳዊት መኪና የፊት ወንበር የእኔ ወንበር ነበር። አጭር ስለሆንኩ ወንበሩን ወደፊት ስቤ፣ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው የሚመቸኝ። በመስከረም መጨረሻ በሩን ከፍቼ ስገባ እግሬ አየር ላይ ቀረ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። እጄን ከሥሩ ሰድጄ ማንሻውን ያዝኩና ወደፊት ሳብኩት። በሳምንቱ እንደገና ወደ ኋላ ተመልሶ አገኘሁት። ሳብኩት። ተመለሰ። ይህ ጸጥ ያለ ጦርነት እስከ ምርጫው ድረስ ቀጠለ፤ ዳዊት ከአጠገቡ እየነዳ አንድም ቀን አላስተዋለም።

ከሁሉ የከፋው ወሬው ነበር። ራሄል ዋርዱን በካርታ ከፋፈለችው፤ ራሄል ምክር ቤቱ እንዲህ ነው አለች፤ ራሄል ማናጀሩ እንዲያ ነው አለች። ዋርድ ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር፤ እሱንም ልጠይቀው አልፈለግኩም። ከእሷ አፍ ወጥቶ በእሱ አፍ ለሚመጣ ትምህርት ጆሮዬን አላውስም አልኩ። አለማወቅም ግን አቃጠለኝ፤ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቤት ተዘግቶብኝ ደጅ የቆምኩ መሰለኝ። ስለዚህ ሚስተር ኢቫንስን ጠየቅኳቸው።

ሚስተር ኢቫንስ ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። አገራቸው ዌልስ ነው፤ ከእንግሊዝ ጎን ያለች፣ ተራራና ዝናብ የበዛባት አገር። ልጃቸው አሜሪካዊ አግብታ በእርጅናቸው እዚህ አመጣቻቸው። የምናቀርብላቸውን ሻይ በየቀኑ «ይህ ጽዋ የታጠበበት ውሃ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። አገራቸው ሳሉ የካውንቲ ምክር ቤት አባል እንደነበሩ ደጋግመው ነግረውኛል፤ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ሳልሰማ አልፌዋለሁ። በዚያን ቀን ጠዋት ጢማቸውን እየላጨሁ «ዋርድ ምንድን ነው?» ስላቸው ዓይናቸው በራ። ከመጡ ጀምሮ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

«ካውንቲው ሰፊ ነው» አሉኝ፤ «ስለዚህ በዋርድ ይከፈላል። አንዱ ዋርድ አንድ ሰው ይመርጣል፣ ሰው የሚበዛበት ሁለትም ሦስትም። መራጩ ከስሙ ጎን ምልክት ያደርጋል፤ ብዙ ያገኘው ይገባል።»

«የሁሉ አለቃስ?»

«እሱን ሕዝብ አይመርጠውም። የተመረጥነው ተሰብስበን ከመካከላችን መሪ እንመርጣለን። መሪው ደግሞ አንዱን ለመንገድ፣ አንዱን ለትምህርት ቤት፣ አንዱን ለቆሻሻ ይሾማል። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ሌላ ነው፤ አንገቱ ላይ የወርቅ ሰንሰለት ያጠልቃል። ሰንሰለቱ ይከብዳል፣ ሥልጣኑ ይቀላል። የዕለት ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ ምክር ቤቱ የቀጠራቸው ባለሙያዎች ናቸው።»

እድራችንን አስታወሰኝ፤ ሰብሳቢው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ፣ ድንኳን የሚያስተክለው ሌላ። በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እየጠየቅኩ፣ የኦሮራንም በስልኬ እያነበብኩ ከእሳቸው ጋር አመሳከርኩ። የእኛ ከተማ በስድስት ዋርድ ተከፍላለች፤ ከየዋርዱ አንድ ሰው ይመረጣል። ሌሎች አራቱንና ከንቲባውን ከተማው በሙሉ ይመርጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወርዱም፤ በየሁለት ዓመቱ ከፊሉ እየተፈራረቀ ይመረጣል። ወረቀቱ ላይ የፓርቲ ስም የለም። እዚህም ቢሆን የዕለት ሥራው ምክር ቤቱ በቀጠረው ማናጀር እጅ ነው። ሚስተር ኢቫንስ ከንቲባው በሕዝብ መመረጡን ሲሰሙ «ታዲያ ሲያስቸግር ማን ያወርደዋል?» ብለው ተጨነቁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዳዊት የበለጠ አወቅኩ። ቅናት ያስተማረኝን ያህል አንድም አስተማሪ አላስተማረኝም።

አንድ ቀን ስለ ራሳቸው ምርጫ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት ጊዜ ሰው ሳይመርጠኝ ገባሁ» አሉ። «ከእኔ ሌላ የተወዳደረ አልነበረማ። አንድ ሰው ብቻ ከቀረበ ምርጫ የለም፤ ገብተሃል ይሉሃል። በሦስተኛው ጎረቤቴ ተነሣብኝ። በዝናብ በጭቃ የዋርዱን እርሻ ሁሉ ዞርኩ፤ አንድ በር አልቀረኝም። ተሸነፍኩ።»

«በብዙ?»

«በጥቂት። ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ መኪና ውስጥ ‹ለእሱ ነው የመረጥኩት› አለችኝ። ለምን ስላት ‹እሱ መጥቶ ጠየቀኝ፤ አንተ አልጠየቅከኝም› አለች።»

ሳቁ፤ እኔም ምላጩን ከጉንጫቸው አራቅኩ። ሳቁ ሲበርድላቸው ሽንፈቱን እንደረሱት፣ ያን የመኪና መንገድ ግን ሚስታቸው ከሞተች በኋላም እንዳልረሱት ነገሩኝ።

«ድምፅ ሚስጥር ይሁን የተባለው ለመንግሥት ሲባል አይመስለኝም» አሉ። «ለባልና ሚስት ሲባል ነው።»

በጥቅምት፣ ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ መጣ። በእኛ ስቴት ወረፋ የለም፤ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትመርጣለህ፣ ኤንቨሎፑ ላይ ትፈርማለህ፣ ወይ በፖስታ ትልካለህ ወይ በየአካባቢው በቆመው ሣጥን ትከታለህ። በዚያው ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ካለ ምግብ ቤት ለራሄል ድጋፍ ተሰበሰብን። ጥብሱ በሸክላ እየተንጣጣ ይመጣል፤ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። ራሄል ከዳዊት አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔ ፊት ለፊታቸው።

ጋሽ መኮንን የእድሩ ሰብሳቢ ስለሆኑ ሰው ሲሰበሰብ ዝም ብለው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ብድግ አሉ።

«እንግዲህ ወገኖቼ» አሉ፣ «ልጃችንን ራሄልን የምትደግፉ እጃችሁን!»

ቤቱ በሙሉ እጅ ሆነ።

«ተቃውሞ? የለም። ድምፀ ተዓቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ!»

እልልታው የምግብ ቤቱን መስኮት አንቀጠቀጠው። ራሄል ቆማ አለቀሰች። ዳዊት በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አለቀ እኮ! አሸነፍን!» አለኝ። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ጎርሼ ነበር። በዚያ ፈንታ የወጡትን እጆች አየሁ። አንዱ የሌክውድ ሰው ነው፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው የሚኖረው። ግማሹ ሰው ከዮሴሚቲ መንገድ ወዲያ፣ ዴንቨር ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ዮሴሚቲን ከተሻገርክ ደግሞ ስለ ኦሮራ ምክር ቤት አያገባህም። ዳዊት ራሱ የሚኖረው ዴንቨር ነው፤ ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው፤ እጁን ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያወጣው እሱ ነበር።

ከቀናት በኋላ ከሥራ ስገባ የጋሽ መኮንን ሚስት እትዬ አልማዝ የሽሮ ድስት አውርደው የምርጫው ኤንቨሎፕ ላይ አስቀምጠውታል። ኤንቨሎፑ አልተከፈተም።

«እትዬ፣ ይሄን አልላኩትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ምርጫውን።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ እሑድ መርጠናል» አሉኝ፣ ድስቱን እያማሰሉ። «እጄን ሳወጣ አላየሽም?»

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የማገኛትን ሴትዮ ጠየቅኳት። ኮልፋክስ ላይ በርበሬ የሚሸጥልኝን ባለ ሱቅ ጠየቅኩት። ሁሉም «እሑድ መረጥን እኮ» አሉኝ። እኛ አገር እድሩም ማኅበሩም ሰበካውም በእጅ ነው የሚመርጠው፤ እጅህን ካወጣህ ቃልህን ሰጥተሃል፣ የቀረው ጭብጨባ ነው። ራሄል እጆቹን እንደ ጭብጨባ ቆጠረቻቸው፤ ሰዎቹ ደግሞ እንደ ምርጫ። ወረቀቱ በየቤቱ ከሱቅ ማስታወቂያ ጋር ተደራርቦ ተቀምጧል።

ለዳዊት ነገርኩት። ደጃችን ላይ መኪናው ውስጥ ነበርን።

«ሰው ወረቀቱን አልላከም» አልኩት። «እጅ ማውጣቱ ምርጫ መስሏቸዋል። ግማሾቹ ደግሞ የዚህ ከተማ ሰዎች አይደሉም። አንተ ራስህ እጅህን ያወጣኸው ዴንቨር እየኖርክ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«አንድ ሽማግሌ።»

ረዘም አድርጎ አየኝ። «ሂሩቴ፣ እሷን እንደማትወጃት አውቃለሁ። ግን ቅናትሽ ለሰው ሥራ እንቅፋት አይሁን። የራሳችን ሰዎች በእጃችን ናቸው፤ ማንኳኳት ያለብን የማያውቁንን በር ነው።»

እርር ድብን አልኩ። ያንገበገበኝ ቀናተኛ መባሉ አልነበረም፤ እሱስ እውነት ነው። በጓደኞቹ ሁሉ መካከል የምርጫውን ሕግ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የተማርኩትም ስለቀናሁ ነው፤ ስለቀናሁ ደግሞ የሚያምነኝ የለም። በሩን ጠርቅሜ ወረድኩ። ከመውረዴ በፊት ግን ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት።

ከምርጫው በፊት ባለው ቅዳሜ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ጠዋት ፀሐይ ወጣ፤ ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠብ ነበር። ጋሽ መኮንንና እትዬ አልማዝ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። እኔ በቤት ልብስ፣ ራሴን በሻሽ አስሬ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ራሄል ናት። ጫማዋ ርሷል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ እንዲያም ሆኖ ታምራለች። የሽንኩርት እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

«ዳዊት እዚህ የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሌላው ስትሪት ላይ ፓርክ አድርጎ እየጠበቀኝ ነው። እኔ ለአንቺ ነው የመጣሁት።»

«ለእኔ?»

«ዳዊት ይሄን ቤት ስኪፕ አድርጊው አለኝ። እሷ የእኛ ናት አለ።» ስልኳን ኪሷ ከተተችና ቀና ብላ አየችኝ። «ግን እኔ ማንንም ስኪፕ አላደርግም። ሂሩት፣ ድምፅሽን ትሰጪኛለሽ?»

መጀመሪያ የሰማሁት ያንን «ስኪፕ አድርጊው» የሚለውን ብቻ ነው። እጮኛዬ የዚህን ሰፈር በር ሁሉ ሲያንኳኳ ሰንብቶ የእኔን በር አስዘለለ። ሽማግሌ ሲላክ አልተጠየቅኩም፤ ሠርጉ ለጥር ሲቆረጥ አልተጠየቅኩም። በዚያ ዓመት በሬ ላይ ቆሞ ፈቃዴን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይህች የምጠላት ሴት ሆነች።

«አስብበታለሁ» አልኳት በመጨረሻ።

«ፌር ነው» አለችና ፈገግ አለች። ዞራ ደረጃውን ስትወርድ ግን ታነክሳለች።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉልበቴ ነው። ባስኬትቦል ስጫወት ተጎድቼ ኦፕሬሽን አደረግኩ። የዳዊት መኪና ደግሞ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ወንበሩን ሁልጊዜ ወደፊት ነው የማገኘው! ለምን እንደሆነ አላውቅም። አጥፌ ስቀመጥ ይገድለኛል።»

የጎረቤቱን ዛፍ አየሁ፤ ቢጫ ቅጠሉ ከበረዶው ጋር ይረግፋል። ስለ ወንበሩ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ስለ ኤንቨሎፖቹ ግን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ዳዊት ያላመነኝን እሷ ታምነኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ይመስለኛል። አመነችኝ። አንድ ጊዜ እንኳ «እርግጠኛ ነሽ?» አላለችም። እርጥቡ ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና ራሷን ያዘች።

«እጅ ሲያወጡ እኔ ቺር የሚያደርጉ ነው የመሰለኝ» አለች። እዚያው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠች መደወል ጀመረች። በተሰባበረ አማርኛዋ አንድ በአንድ «ማዘር፣ ወረቀቱን ልከዋል?» ትላለች። ማታ እትዬ አልማዝ ኤንቨሎፓቸውን ከድስቱ ሥር አውጥተው፣ የጥላሸት ክብ እንደታተመበት ሣጥኑ ውስጥ ከተቱት። ብዙዎቹ ግን ወረቀቱን ከማስታወቂያ ጋር ጥለውት ነበር።

የራሴን ወረቀት ክፍሌን ቆልፌ ሞላሁ። ብዕሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ኤንቨሎፑን አሽጌ፣ ፈርሜ፣ በእግሬ ሄጄ ከተትኩት።

ራሄል በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ዳዊት ፓርኪንጉ ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። ዓይኑ አብጧል። በሩን ከፍቼ ስገባ ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው፤ ያን ቀን አልሳብኩትም፣ እግሬን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ።

«ሁሉም እጁን አውጥቶ ነበር እኮ» አለኝ።

«ጠይቀሃቸው ነበር?»

«የራሴን ሰዎች? እንዴት ብዬ? አታምነንም ወይ ብለው ይቀየሙኛል።»

«እኔንስ?»

«አንቺን ምን?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ድምፅሽን?»

«ምንም ነገር!»

ግራ ገባው። «ሽማግሌ ልኬ የለም እንዴ?»

«ልከሃል። ጋሽ መኮንንን ጠየቅካቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉ። እንግዲያው በጥር እሳቸውን አግባቸዋ!»

ይህን ስናገር ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ዳዊት አልሳቀም። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋ።

«ሂሩት» አለኝ፣ ሳያቆላምጠኝ። «ታገቢኛለሽ?»

«አስብበታለሁ።»

«እንዴ! እስከ መቼ?»

«ለከተማ ምክር ቤት እንኳ ሦስት ሳምንት ይሰጣል።»

ሦስቱን ሳምንት ሙሉ አስጠበቅኩት። አንድ ቀን «ያ ያስተማረሽ ሽማግሌ ማን ነው?» ብሎ በቅናት ድምፅ ጠየቀኝ፤ ለሚስተር ኢቫንስ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀኑ ሲደርስ ራሱ መጥቶ በሬን አንኳኳ። እሺ አልኩት፤ በዚህ ጊዜ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። በጥር ስንጋባ ራሄልም መጥታ እግሯን ዘርግታ ፊት ተቀምጣ አጨበጨበች። ሌሊቱን ሁሉ ሲስቅ የቆየው ሙሽራዬ ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «ለመሆኑ ያኔ ለማን መረጥሽ?»

«ሚስጥር ነው» አልኩት።

እነሆ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳዋን ደጄ ላይ አየሁ። ራሄል በዚህ ጊዜ የምትወዳደረው በዋርድ አይደለም፤ ከተማው በሙሉ ከሚመርጣቸው ለአንዱ ወንበር ነው። ዳዊት ከቤት ወጣና መኪና ውስጥ ፊቴን ሲያይ ቆም አለ። ጥርሴን እንደነከስኩ መስኮቱን አወረድኩ።

«ጠየቅከኝ?» አልኩት።

ሄዶ ሰሌዳውን ነቀለው፣ አፈሩን አራገፈ፣ ይዞት መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። «ሂሩት፣ ይሄን ደጃችን ላይ ብንተክለው ትፈቅጃለሽ?» አለኝ። ሚስተር ኢቫንስ ከሞቱ ቆይቷል፤ ቢያዩት ግን ደስ ይላቸው ነበር።

«እሺ። ከጽጌረዳዬ ራቅ አድርገህ ትከለው።»

እየተከለም ያችን አሮጌ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል። «አሁን እንኳ ንገሪኝ። ያኔ ለማን ነበር?» አንዳንዴ በቀልድ ይጠይቀኛል፣ አንዳንዴ እውነት ይከነክነዋል። እኔ እሱ ከማን ጋር በር እንደሚያንኳኳ እያሰብኩ ስቃጠል ከርሜያለሁ፤ እሱ ደግሞ ያን ዕለት ቆልፌ የተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ ምን እንዳደረግኩ እያሰበ ይኖራል። ተስተካክለናል።

ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ እሱ ከስልኩ ሌላ ምንም አያነብም። የመረጥኩት ራሄልን ነው። ብዕሩን ስይዝ እንኳ ቅናቴ አልወጣልኝም ነበር። ግን እርጥብ ጫማ አድርጋ፣ በሚያማት ጉልበት ደረጃዬን ወጥታ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ነበረች። የጠየቀ ሰው መልስ ይገባዋል ብዬ መለስኩላት። ለዳዊት ግን አልነግረውም። አንድ ያልተመለሰለት ጥያቄ ይዞ ከእኔ ጋር ያርጅ።

ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዳዊት እጁን ሊታጠብ ገባ። የእሱ መኪና ደጅ ላይ ቆሟል። ከራሴ መኪና ወርጄ ሄጄ በሩን ከፈትኩ። የፊት ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ለጉልበቷ አዘንኩላት፤ ከልቤ አዘንኩላት። ከዚያ እጄን ከሥሩ ሰድጄ ማንሻውን ያዝኩና ወደፊት ሳብኩት።